ሙቀቱ ነው አቦ!

ድሬዳዋ ሐኪም ጠፋ የሚል ሰው ከተማዋን አያውቃትም። ከምሳ በኋላ ያገኛችሁት በርጫ ጎራ በሉ፤ ስድስት ሰው ካለ ስድስቱም ስፔሻሊስት ነው። ካርድ የለ፣ ወረፋ የለ። እኔም ከነዚህ ጠቢባን አንዱ ነኝ፣ ሳይደግስ አይጣላም።

በቀደም አንዱ ጓደኛችን ትኩሳት ይዞት መጣ። ራሱን ይፈልጠዋል፣ ከዓይኑ ጀርባ ያመዋል፣ መገጣጠሚያው አልታዘዝ ብሎታል። ጫቱን እየቀነጠብን መረመርነውና በአንድ ድምፅ "ሙቀቱ ነው አቦ!" አልነው። እንግዲህ ይህች ከተማ በ2006 ደንጊ፣ በ2011 ክረምት ደግሞ ቺኩንጉንያ የሚባሉ በትንኝ የሚተላለፉ በሽታዎች የገቡባት፣ ወባም ያልጠፋባት፣ ውሃ በየበርሜሉ አጠራቅማ ትንኝ የምታሳድግ ከተማ ናት። ቢሆንም ለደም ምርመራ መሄድ ለሙቀታችን ንቀት ነው።

"ልመርመር እንዴ?" ሲል ደነገጥን። የእከሌ አጎት ሆስፒታል በእግሩ ገብቶ በቃሬዛ መውጣቱን ነገርነው። በቃሬዛ የወጣው ስንት ወር ቆይቶ ስለገባ ነው ብሎ የሚያስረዳ፣ እግዜር ይመስገን፣ አልነበረም። አንዱ ለወገቡ ከታዘዘለት የተረፈች ዲክሎፌናክ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። ደንጊ ከሆነ እሷ መድኃኒት መድማቱን ታባብሳለች፣ ትኩሳቱን በፓራሲታሞል ያዙት የሚሉ አሉ፤ ሰባት ዓመት ተምረው የመጡ ናቸው፣ ምን ያውቃሉ።

ትኩሳቱ በረድ ሲልለት "አላልንህም!" ብለን እጅ ለእጅ ተማታን። ደንጊ ሲከፋ የሚከፋው ብዙ ጊዜ ትኩሳቱ ሲወርድ መሆኑን ማን ያስታውሳል? በማግስቱ ሆዱን ቆረጠው፣ ያስመልሰው ጀመር። "ጨጓራ ነው፣ ተልባ ጠጣ።" ድዱ ደማ። "ብሩሽህን ቀይር።" ለሁሉም መልስ ነበረን፣ ወላሂ!

ሚስቱ ግን በርጫ ስለማትቀመጥ ሕክምና አታውቅም። ማንንም ሳታማክር ባጃጅ ጠርታ ይዛው ሄደች፤ ጊዜው አላለፈም ነበር።

ብርቱካን ይዘን ልንጠይቀው ሄድን። ጉሉኮስ ተሰክቶለት ዓይኑን ጨፍኗል፣ የተኛ መስሎኛል፣ ወይም እኛን ላለማየት ነው። አጠገቡ የተኙት ሽማግሌ ደረታቸውን ያዝ አድርገው ሲያቃስቱ ዝም ማለት ነውር ነውና "አባባ፣ ምን ሆኑ?" አልናቸው።

"ደረቴን ይጫነኛል፣ ግራ እጄም ይደነዝዛል።"

ተያየን።

"ጋዝ ነው አቦ!"