ለእውነት ፈረንጅ ይክፈል

የግቢያችን ጋሼ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በር ላይ ያዙኝና ስልካቸውን አፍንጫዬ ሥር ደቀኑት። «ሰበር ዜና! ሳታዩት እንዳታልፉ! ከመጥፋቱ በፊት ሼር!» ይላል። «ማን ነው ያለው ጋሼ?» ብላቸው «እንዴ! ቪዲዮ ነው'ኮ» አሉኝ። ቪዲዮው 18 ደቂቃ ነው። ስድስቱ ደቂቃ ሰብስክራይብ አድርጉ፣ የደወሏን ምልክት ተጫኑ የሚል ልመና ነው። በቀረው አሥራ ሁለት ደቂቃ ርዕሱ ላይ የተጻፈው ነገር አንድ ጊዜም አይነሳም። እሳቸው ግን በአንድ እጅ ነጠላቸውን እያስተካከሉ በሌላው ለአሥራ አራት ሰው ልከውታል፤ አንዷ ሪያድ ያለችው ልጃቸው ናት። እሷ ደግሞ ለማኅበሯ ትልከዋለች። እንዲህ ያለ ነፃ የማከፋፈያ መረብ ያለው ማተሚያ ቤት የት ይገኛል?

ለጋስነታችን ሊመሰገን ይገባል። ለወሬ የማንሰጠው ነገር የለም። ጥቅል የምንገዛው ለእሱ ነው። ዋሽንግተን ያለው ወንድማችን ከሁለት ሥራ ተርፎ ላቡን በሱፐር ቻት፣ በዩቲዩቡ የገንዘብ ስጦታ፣ ያፈሳል፤ ቲክቶክ ላይ በመቶዎች ዶላር የሚገመት «አንበሳ» የተባለ ስጦታ ይለቃል። አንድ ጋዜጠኛ ግን «ይኼን ዜና ለማጣራት ሁለት ቀን ፈጀብኝ፣ የትራንስፖርት አግዙኝ» ቢል «ተከፍሎት ነው» እንላለን። ልክ ነን። አበው «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብለው የለ? እያደር በራሱ ለሚጠራ ነገር ማን ይከፍላል?

ድሮ እንዲህ ብልሆች አልነበርንም። በ1990ዎቹ አራት ኪሎ ጋዜጣ አከራዮች ነበሩ። ሰው ድንጋይ ላይ ተደርድሮ ሳንቲም ከፍሎ ጋዜጣ ተከራይቶ ያነብ ነበር። ጊዜው ካለፈ አከራዩ ራስጌህ ቆሞ ይጉረመረማል። አስቡት፤ ለዜና ገንዘብ ከፍሎ፣ ያውም ለሚመልሰው ወረቀት! ደግነቱ ያ እብደት ለቀቀን። የወረቀትና የማተሚያ ዋጋ ጋዜጦቹን አንድ በአንድ ሲያስተኛቸው እኛም በነፃው ተካናቸው።

የእውነትን ወጪ ለፈረንጅ አስረክበናል፤ ፈረንጅም አላሳፈረንም። ከትግራዩ ጦርነት ወዲህ በሐሰት መረጃ ላይ ያልተሠለጠነ ማን አለ? እኔ ብቻ ሦስት ሰርተፍኬት አለኝ። አንደኛውን ያገኘሁት ቢሾፍቱ ሐይቁን እያየሁ ነው። አሠልጣኙ በ2013 የዞረውን የሚሳኤል ፎቶ አሳየን፤ የትግራይ ኃይሎች መሣሪያ ነው የተባለው የሩሲያ ኤስ-400 ሆኖ ተገኘ። ፎቶ እንዴት ወደ ምንጩ ተመልሶ እንደሚፈለግ በተግባር ሊያሳየን ሲል የሆቴሉ ዋይፋይ ጠፋ። ሻይ ወጣን። ስንመለስ አጠገቤ የተቀመጠው ሠልጣኝ በራሱ ዳታ አንድ ያልተጣራ ወሬ ለሥልጠናው ቡድን ፖስቶ ነበር። ማንም አልነካውም፤ አበል የሚፈረምበት ሰዓት ደርሶ ነበር። መጨረሻ ላይ አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ለዚህ ሥራ ማን ይከፍላል?» ብላ ጠየቀች። «ሌላ ፕሮጀክት» ተባለች። አጨበጨብን።

ሕጋችንም አልተኛም። በ2012 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከተሠራጨ እስከ ሦስት ዓመት እስር ያመጣል ይላል። ጋሼ አሥራ አራት ሰው ነው ያላቸው፤ ሰላም ይተኛሉ።

ብቻ አንድ ነገር ደረሰ። ጥር 12 ቀን 2017፣ እኛ ቃና ዘገሊላን ስናከብር፣ ውኃው ወይን በሆነበት ዕለት፣ ዋሽንግተን ወይኑን ወደ ውኃ መለሰችው። ትራምፕ ቢሮ በገቡበት ቀን የውጭ ዕርዳታን ለ90 ቀን አገዱ። የፕሬስ ነፃነት ተሟጋቹ ድንበር የለሽ ሪፖርተሮች እንዳለው፣ ለነፃ ሚዲያና ለመረጃ ነፃነት የተመደበ ከ268 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው የተንጠለጠለው፤ የአሜሪካ መንግሥት የዕርዳታ ድርጅት ዩኤስኤይድ በ2023 እ.ኤ.አ. 6,200 ጋዜጠኞችን ይደግፍ ነበር። ከዩክሬን እስከ ምያንማር ጦርነት ውስጥ ያሉ ዜና ክፍሎች ደመወዝ ከየት እንደሚመጣ ሲቆጥሩ አደሩ። እኛ ምን ቸገረን? «ድሮም ጥገኛ ነበሩ» ብለን ሼር አደረግን። ጥገኛ ያደረጋቸው ማን እንደሆነ እንኳ ለመጠየቅ ጨዋነታችን አልፈቀደም።

ዜና የማጣራት ሥራ የሚሠራ አንድ ወዳጄ ገጹ ላይ «በወር 100 ብር ደግፉን» የሚል ቁልፍ አስገባ። ለጋሼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡት።

«መቶ ብር? ለዜና? ያውም ያመንኩትን ውሸት ነው ሊለኝ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ተወኝ ልጄ። ይልቅ ጥቅሌ አልቋል፣ የመቶ ብር ካርድ ሙላልኝ።»

ትልቅ ሰው እንቢ አይባልም፤ ሞላሁላቸው። ደረጃውን ወርጄ ሳልጨርስ ስልኬ ጮኸ። «ሰበር ዜና! ክፍል ሁለት!»