በለቅሶ ድንኳን ለሳቃችሁ

የድሬዳዋ ሰዎች፣ ወገኖቼ፤ ዛሬ አላቆላምጣችሁም።

በ2014 ዓ.ም. ወባ ከተማውን ባመሰበት ወቅት ያን ወጣት ቀብረን ድንኳን ተቀምጠናል። የሰፈራችን ልጅ፣ ነፍሳት የምትመራመረዋ፣ እናቱን አቅፋ ካለቀሰች በኋላ ወደ እኛ ዞረች። «እባካችሁ በርሜላችሁን ክደኑ። ይቺኛዋ ቢምቢ ረግረግ አትፈልግም። ለቤት ባጠራቀምነው ንጹሕ ውኃ ነው የምትፈለፈለው» አለች። ካርታ የያዙ አንድ ትልቅ ሰው ቀና ብለው፣ «አንቺ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ዘመን የተማርሽው የቢምቢ ጭንቅላት ለመመርመር ነው? ለመሆኑ ምን ስታስብ አገኘሻት?» አሏት። ድንኳኑ በሳቅ ፈነዳ። የሟች እናት እዚያው ተቀምጣ! «አባባ፣ እርስዎን ነው የምታስበው» አለቻቸው። ቀልድ መስሏችሁ ደግማችሁ ሳቃችሁ። እኔን ጨምሮ «ነውር ነው» ያለ አንድ ሰው አልነበረም።

እውነቷን እኮ ነው። ሴቷ ትንኝ በትንፋሻችንና በላባችን ሽታ ተመርታ ነው የምትመጣው። ልጅቷ በሞለኪውላር ባዮሎጂ ስትጀምር ከትንኝ እግር ዲኤንኤ እያወጣች ዝርያ ትለይ ነበር። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ወባ አስተላላፊ የእስያ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ላይ የታወቀችው በእንዲህ ዓይነት ምርመራ ነው። ከዚያ ወደ ነርቭ ጥናት ገባች። የትንኟ አንቴና ላይ ካሉት ጥቃቅን ፀጉሮች አንዱን በቀጭን የተንግስተን ሽቦ ትነካና የሰው ሽታ ትነፋባታለች፤ ነርቩ የሚሰጠውን የኤሌክትሪክ ምት ትቆጥራለች። ዓይን የሚያፈዝ ሥራ ነው። ግን ትንኟ ሰውን ከከብት በምን እንደምትለይ ሳይታወቅ ማባረሪያው ከየት ይመጣል?

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድን ተመራማሪዎች አንዷ የወባ ትንኝ ከዶሮ ሽታ እንደምትሸሽ ምዕራብ ኢትዮጵያ ውስጥ ባረጋገጡ ጊዜም የሰማሁት የዶሮ ወጥ ቀልድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 ዓመቱን ሙሉ 205 የወባ ሕመምተኛ በተመዘገበባት ከተማ፣ በ2022 የመጀመሪያ አምስት ወራት ብቻ ከ2,400 በላይ ተመዘገበ። የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ባለሙያዎች መጥተው ሲያጣሩ ያገኟት ያቺኑ ስቴፈንሲን ነበር። ልጅቷ ድንኳን ውስጥ የነገረቻችሁን! ልጆቻችንን «ተማሩ» እያልን እንገርፋለን፣ ተምረው ሲመጡ ደግሞ የምንጠይቃቸው ስለ መኪና ነው። ያዝናል ሆዴ። የሳቅነው በሞተው ልጅ ላይ ነው፤ እናቱ ይህን አልረሳችም፣ እኔም አልረሳላችሁም።

ውኃ ለምን አጠራቀማችሁ የሚላችሁ የለም፤ ቧንቧው በፈረቃ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። የበርሜል ክዳን ግን በፈረቃ አይመጣም። የእኚያ ሰውዬ በርሜል ዛሬም አፉን ከፍቶ ነው የሚውለው፤ በአጥሩ በኩል ይታየኛል።

እኔ ብሆን ኮርፌ አገር ጥዬ እሄድ ነበር። እሷ አልሄደችም። እስካሁን መቅጃዋንና ባትሪዋን ይዛ እጭ ፍለጋ በር ታንኳኳለች። ባለፈው ጎረቤቶቻችን በር ሲዘጉባት አንዲት አሮጊት አስገብተው ሮቷቸውን አስፈተሹ፣ ቡናም አጠጧት። ከሁላችሁም ቡና አልጠብቅም፣ ይቅርታ ትጠይቋታላችሁ ብዬም ተስፋ አላደርግም። ስትመጣ ውሻችሁን እሰሩላት።