እጄን ልቁረጠው እንዴ?

በቃ መረረኝ! በሬዲዮዬ አጭር ሞገድ ላይ ጣቢያው ጥርት ብሎ መጣ። ዜና አንባቢው ገና አፉን ሲከፍት እጄን ከማዞሪያው አነሳሁ። ፉጨት! እጄን ሳስጠጋ ይመጣል፣ ሳርቅ ይሄዳል። ዜናው እስኪያልቅ እጄን አየር ላይ ሰቅዬ ልቀመጥ?

ሬዲዮው አሜሪካዊው ፈልሳፊ ኤድዊን አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1914 ፓተንት ያገኘበት፣ ሪጄነሬቲቭ የሚባለው ሰርኪዩት ነው። በአንዲት ቫኩም ቱቦ ዓለምን ያሰማል ይላሉ። ያሰማል፣ ካልተነፈስክ! ፊድባኩን፣ ማለትም ከቱቦዋ ወጥቶ ተመልሶ ወደ መግቢያዋ የሚገባውን ሲግናል፣ ቅንጣት ስትቀንስ ድምፁ ይሞታል፤ ቅንጣት ስትጨምር ያፏጫል። መሃሏ ያለችው ቦታ ከፀጉር ትቀጥናለች። አገኘኋት ስትል ደግሞ ፍሪኩዌንሲው ራሱ ሸሽቷል።

እጅህ እንዳይረብሸው የፊቱን ፓነል በብረት ሸፍነህ ኧርዝ አድርገው፣ ከመሬት ጋር በሽቦ አገናኘው አሉኝ። አደረግኩ። አሁን እጄን ተወና የአንቴናውን ሽቦ ንፋስ በነካው ቁጥር ያኮርፋል። ሬዲዮው የማን ነው ግን፣ የኔ ወይስ የንፋሱ?