ላብ (ቤተ ሙከራ) ያስከፈተልንን ክበብ አትዝጉብን

ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ካርድ በተሰጠበት ሳምንት፣ ትምህርት ቤታችን ወላጆችን ሰብስቦ ነበር። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ ጎንደር ከተማ ውስጥ ነው። በስብሰባው አንድ ውሳኔ ተነገረ። ከመስከረም ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ተማሪ በየትኛውም ክበብ አይሳተፍም። ሚኒ ሚዲያ ቀረ፣ ሳይንስ ክበብ ቀረ፣ ቀይ መስቀል ቀረ። በዚያ ሰዓት ተማሪው ክፍል ቁጭ ብሎ ወርክሽት ይሠራል። ምክንያቱን ያስረዱት ሰው «ልጆቻችሁ የሚወድቁት ሐሳባቸው ስለተበተነ ነው፤ ክበብ ጊዜ ማባከኛ ሆኗል» አሉ። ወላጅ አጨበጨበ። እናቴም አጨበጨበች።

እኔ 11ኛን ጨርሼ ወደ 12ኛ ያለፍኩ ተማሪ ነኝ። ውሳኔው የሚመለከተው እኔንና ጓደኞቼን ነው። እኛን ግን የጠየቀን የለም። ዓመቱን ሙሉ ፋታ አልነበረንም። ጠዋት ክፍል፣ ቅዳሜ ማጠናከሪያ፣ በሳምንቱ መሐል ለ9ኛ ክፍል ልጆች ሒሳብ ማስረዳት፣ ዓርብ ክበብ፣ ማታ ጥናት። ከዚህ ሁሉ ውስጥ «የባከነ» ተብሎ የተመረጠው ክበብ ብቻ መሆኑ ነው ያናደደኝ። ተሳስታችኋል። ስህተታችሁንም የምንከፍለው እኛ ነን።

አንድ አባት ተነሥተው «በእኛ ጊዜ ክበብ የሚባል ነገር አልነበረም፤ በኩራዝ አጥንተን ነው ለዚህ የበቃነው» ብለዋል። ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ ይህ እውነት አይደለም። እናቴ እዚሁ ጎንደር ነው የተማረችው። የ10ኛ ክፍል ፎቶዋ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ደረቷ ላይ የቀይ መስቀል ክበብ ባጅ አለ። ከስብሰባው ስንመለስ ፎቶውን አሳየኋት። «እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት። «እሱማ የድሮ ነው ልጄ፤ ያኔ ሌላ ነበር» አለችኝ። ምኑ ነው ሌላ? ያኔ እሷን ያላሰናከላት ክበብ ዛሬ እኔን እንዴት ያሰናክለኛል? ኩራዙም ቢሆን የሚያኮራ ነገር የለውም። እኛም መብራት በሄደ ቁጥር በሻማና በስልክ መብራት እናጠናለን። የሰው ልጅ በጨለማ ማጥናት የለበትም። አንድ ትውልድ በችግር ስላለፈ የሚቀጥለው ያለውን ትንሽ ነገር ይነጠቅ ማለት ክርክር አይደለም።

በስብሰባው ላይ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤትም እንደ ማስረጃ ቀርቧል። ቁጥሩን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። በ2014 ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ናቸው። በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ። ያስደነግጣል፤ እኔም ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ ይኸው ቁጥር ነው። ግን ክበብ እዚህ ውስጥ ምን አገባው? በ2015 ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድም! ከእነዚህ ውስጥ የሚሠራ ላብ ያለው፣ የሚሰማ ሚኒ ሚዲያ ያለው፣ በየሳምንቱ የሚሰበሰብ ሳይንስ ክበብ ያለው ስንቱ ነው? ክበብ ተማሪ የሚጥል ቢሆን ኖሮ ክበብ በደጃቸው አልፎ የማያውቅ ትምህርት ቤቶች ናቸው አገር ጉድ የሚያሰኝ ውጤት ማምጣት የነበረባቸው። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው ብዬ አምናለሁ። የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ወላጆች ያላወቁት፣ በስብሰባውም ያልተነገራቸው ነገር አለ። የትምህርት ቤታችን ላብ የሚከፈተው ለሳይንስ ክበብ ብቻ ነው።

ላብ አለን። በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል። ውስጡ ረጃጅም ጠረጴዛዎች፣ አቧራ የለበሱ ብልቃጦች፣ ቁም ሳጥን ውስጥ የተቆለፈባቸው ማይክሮስኮፖች አሉ። በክፍለ ጊዜያችን ገብተንበት አናውቅም። የባዮሎጂ መምህራችንን አልወቅስም። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። እኛ ከ60 በላይ ነን። ያን ሁሉ ተማሪ አሰልፎ ላብ እስኪያስገባ፣ ዕቃ እስኪያወጣ ደወሉ ይደወላል። ስለዚህ ማይክሮስኮፕን የተማርነው በሥዕል ነው። ቲቸር ሰሌዳ ላይ ሣሉልን፣ እኛ ደብተራችን ላይ ገለበጥን። «አይፒስ፣ ስቴጅ፣ ኦብጀክቲቭ ሌንስ» እያልን ሸመደድን። ፈተና ላይ መጣ፣ መለስን፣ ማርክ አገኘን። ከዚያ ረሳነው።

ክበቡ የሚሰበሰበው ዓርብ ከክፍል በኋላ ነው። አንድ ዓርብ አንዷ ልጅ ከቤቷ ቀይ ሽንኩርት ይዛ መጣች። ቲቸር ሽንኩርቱን ከፍለው ከውስጠኛው ልጣጭ ላይ ስስ ሽፋን በወረንጦ ላጡ። ሽፋኑ ከመሳሳቱ የተነሣ ጣት ላይ ሲያርፍ አይታይም ማለት ይቻላል። መስታወቱ ላይ ዘረጉት፤ አንድ ጠብታ አዮዲን ጨመሩበት፤ በትንሿ መስታወት ቀስ ብለው ከደኑት። አየር ከገባበት ክብ ክብ አረፋ እንደሚታይ፣ አረፋውንም ሴል ነው ብለን እንዳንሳሳት ነገሩን። ከዚያ ተራ በተራ አየን። የሚሠራው ማይክሮስኮፕ አንድ ብቻ ስለነበር ተጋፋን። ተራዬ ሲደርስ መጀመሪያ የገዛ ሽፋሽፍቴን ነው ያየሁት። ሌንሱን ሳስተካክል ግን እንደ ጡብ የተደረደሩ ሳጥኖች ብቅ አሉ። በየሳጥኑ ውስጥ ቢጫ ቡናማ ነጥብ አለች። ኑክለስ ናት፤ የሴሉ አዛዥ ክፍል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ስጽፋት የኖርኩትን ነገር ያኔ አየኋት።

ከዚያ አንዱ ልጅ «ቲቸር፣ አረንጓዴው የታለ?» አለ። ልክ ነው። የዕፅዋት ሴል ክሎሮፕላስት፣ በብርሃን ምግብ የሚያዘጋጅ አረንጓዴ ክፍል፣ አለው ብለን ሸምድደናል። ሽንኩርት ደግሞ ተክል ነው። ፈለግን፣ የለም። አንዳንዶቻችን ማይክሮስኮፑ ተበላሽቷል አልን። ቲቸር መልሱን አልነገሩንም። «ሽንኩርቱ የሚያድገው የት ነው?» ብለው መልሰው ጠየቁን። መሬት ውስጥ። «እዚያ ብርሃን አለ?» የለም። «ታዲያ ብርሃን በሌለበት ክሎሮፕላስት ምን ይሠራለታል?» ክፍሉ በአንዴ ተንጫጫ። ሁሉም የየራሱን ጥያቄ ይዞ ተነሣ። ካሮትስ? ድንችስ? የሽንኩርቱ አረንጓዴ ቅጠል ቢሆንስ? በሚቀጥለው ዓርብ ቅጠሉን አምጥተን ደገምነው።

ይህንን ነው ጊዜ ማባከኛ ያላችሁት።

የሀገር አቀፍ ፈተናውን ጥያቄ የሚያወጡ ሰዎች «የዕፅዋት ሴል ምን ምን አለው» ብለው ብቻ ቢጠይቁን ኖሮ ሽምደዳው ይበቃን ነበር። የወደቀው ሁሉ ግን «ጥያቄው ጠማማ ነው» እያለ ነው የሚወጣው። ጥያቄው ጠማማ አይደለም። ያላየነውን ነገር እንድናስብ ስለሚጠይቀን ነው ጠማማ የሚሆንብን። አንዴ በዓይኑ ያየ ተማሪ፣ ለምን እንደሆነ የተከራከረበት ተማሪ፣ ጥያቄው ተገልብጦ ቢመጣ አይደናገርም። የክፍላችን ሰቃዮች እነማን እንደሆኑ እዩ። ብዙዎቹ የሳይንስ ክበብ ልጆች ናቸው። «እነሱማ ድሮም ቀለሜ ናቸው» ትሉ ይሆናል። ይሁን። ታዲያ ቀለሜው ክበብ ገብቶ ካልወደቀ ክበቡ ማንን ጣለ?

ሚኒ ሚዲያም እንዲሁ ነው። በእረፍት ሰዓት የሚነበበውን ዜና በእንግሊዝኛ የምናዘጋጀው እኛ ነን። አንድ ዓረፍተ ነገር ተሳስተህ ካነበብክ ግቢው ሙሉ ይስቅብሃል። ስለዚህ ከማንበባችን በፊት ደጋግመን እናርማለን። የሞባይል ዳታ በክልላችን ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜም የመማሪያ መጽሐፍ ፒዲኤፍ ያለ ኢንተርኔት በሚሠራው ዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ ሲያሻግሩልን የነበሩት የክበቡ ታላላቆቻችን ናቸው። የታተመው መጽሐፍ ለሁሉም አልደረሰም ነበር። ያን ጊዜ ወርክሽት ይዞ የመጣልን የለም። ስለ ቀይ መስቀሉ ብዙ አልልም። ጥምቀት ላይ ፋሲል መዋኛ ዙሪያ ለደከመ ሰው ውሃ ሲያቀብሉ፣ የጠፋ ሕፃን ከእናቱ ጋር ሲያገናኙ የከተማው ሰው ያያቸዋል።

ጊዜያችን የት እንደሚባክን ማወቅ የፈለገ ሰው እኛ ቤት ይምጣ። ውሃ በፈረቃ ነው። ተራችን ሌሊት ከሆነ ሌሊት እንነሣለን፤ ካልመጣም ጀሪካን ይዘን ሰፈር ለሰፈር እንዞራለን። በተለይ ሴት ልጅ ከሆንሽ ጀሪካኑም፣ ድስቱም፣ ታናናሾችሽም ያንቺ ናቸው። ክፍል ውስጥም ቢሆን መጽሐፍ ስለሌለ ግማሹ ክፍለ ጊዜ የሚያልቀው ከሰሌዳ ኖት በመገልበጥ ነው። ይህንን ሰዓት በስብሰባው ላይ የቆጠረው የለም። የተቆጠረችው ዓርብ ከክፍል በኋላ ያለችው ጊዜ ብቻ ናት። ለምን? ክበብ መዝጋት ገንዘብ አይጠይቅማ። መጽሐፍ ማሳተም ይጠይቃል፤ ላብ ማደስም ይጠይቃል። ርካሹን መርጣችሁ መፍትሔ አላችሁት።

ወርክሽቱንስ አናውቀውም? ቅዳሜ ቅዳሜ የምንሠራው እኮ እሱኑ ነው። ጥያቄ ይታደለናል፣ ምርጫውን እናከብባለን፣ መጨረሻ ላይ መልሱ ይነበባል። «1 ሐ፣ 2 ለ፣ 3 መ።» ለምን ሐ እንደሆነ የሚያስረዳ ሰዓት የለም። አሁን ዓርብንም በዚሁ ልትሞሉት ነው።

በስም ብቻ ያሉ ክበባት መኖራቸውን አልክድም። መዝገብ ላይ ተጽፈው፣ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ባነር የሚሰቀልላቸው አሉ። እነሱን ዝጉ፤ ማንም አያለቅስላቸውም። የሚሠራውን ግን ከማይሠራው ጋር አንድ ላይ አትጥረጉት።

ለወላጆቻችን የምለው አለ። በስብሰባው ላይ ያጨበጨባችሁት ለእኛ አስባችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ልጃችሁን ጠይቁ። «ዓርብ ምን ስትሠሪ ነበር?» በሏት። እናቴ ስለ ሽንኩርቱ ስነግራት ወጥ ልትሠራ የያዘችውን ሽንኩርት አስቀምጣ ነው የሰማችኝ። አሁን በሚቀጥለው ስብሰባ እጇን አውጥታ ልትናገር ነው።

የትምህርት ቤቱን አስተዳደር ደግሞ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። ምዝገባ ሳይጀመር ውሳኔው ይነሣ። አይነሣም ከተባለ የመማሪያ መጽሐፋችን ሥሩ የሚለንን ሙከራዎች በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደምንሠራቸው፣ ላቡንም ማን እንደሚከፍትልን በጽሑፍ ተዘጋጅቶ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጠፍልን።