እርማት፦ የማስተርስ ብድር ለሙሉ ቀን ተማሪ ብቻ አይደለም

ይቅርታ፣ አንድ ነገር ላርም። እንግሊዝ አገር ላለን፣ «የመንግሥት የማስተርስ ብድር ሥራ ትቶ ሙሉ ቀን ካምፓስ ለሚማር ብቻ ነው» መባሉ ልክ አይደለም። በትርፍ ሰዓት ወይም በኦንላይን የሚማርም ያገኛል፤ የማታ ፈረቃውን ሳይለቅ። ደመወዝህ ስንት ነው አይባልም። የሚታየው የመኖሪያ ሁኔታ፣ ዕድሜ ከ60 በታች መሆኑና ከዚህ በፊት ማስተርስ አለመያዝ ነው (አዎ፣ አዲስ አበባ የተያዘውም ይቆጠራል)። ኮርሱ ግን ሙሉ ማስተርስ፣ ቢያንስ 180 ክሬዲት መሆን አለበት።

ወሬውን አምኖ «ልጆቹ ይደጉና» እያለ የቆየ ሰው፣ 60 ሲሞላው በሩ ይዘጋበታል። ለማጣራት የእንግሊዝ መንግሥት ድረ ገጽ፣ ጎቭ ዩኬ ላይ ስለ ማስተርስ ብድር የሚለውን ክፈቱ። ዩኒቨርሲቲውንም «ይህ ኮርስ ለብድር ይበቃል ወይ?» ብላችሁ ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ።