ለንደን መልስ ስታዘገይ ካናዳ ሄደች

ኦክቶበር 1855 እ.ኤ.አ. ወደ 40 የሚጠጉ የካናዳ ሎጆች (የፍሪሜሶን ወንድማማች ማኅበር ቅርንጫፎች) ተወካዮች ሃሚልተን ከተማ ተሰብስበው የራሳቸውን ግራንድ ሎጅ፣ ማለትም የሎጆች የበላይ አስተዳደር፣ አቋቋሙ። ለንደን፣ ማለትም እዚያ ያለው የእንግሊዝ ግራንድ ሎጅ፣ ይህን እንደ አመፅ ነው ያየችው። እኔ ግን እውነቱ ከካናዳውያኑ ጋር ነበር እላለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አባል ክፍያውን ወደ ለንደን ይልካል፤ የምስክር ወረቀቱ ግን ቶሎ አይመጣም። አቤቱታ ይጻፋል፤ መልሱ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይቀራል። አለቃቸውንም አይመርጡም፤ የሚሾመው የለንደኑ ግራንድ ማስተር (የማኅበሩ የበላይ ኃላፊ) ነው። የተሾሙላቸው ሰር አለን ማክናብ ደግሞ በዚያው ሰሞን የካናዳ መንግሥት መሪ ነበሩ። ለሎጅ ጉዳይ ምን ጊዜ ይተርፋቸዋል?

እንግሊዝ ውስጥም ቢሆን ዳር አገር ያለው አባል ከዚህ ብዙ አይሻልም ነበር። ዋናው ጉባኤ በዓመት አራት ጊዜ፣ ረቡዕ ማታ፣ ለንደን ግሬት ኩዊን ስትሪት ላይ ይካሄዳል። በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ያለው የላንክሻየር ነጋዴ ሥራውን ጥሎ፣ ለባቡርና ለማደሪያ ከፍሎ ካልመጣ በቀር ድምፁ አይሰማም። ስለዚህ የሚወስኑት የለንደን ሰዎች ናቸው።

ለንደንን የሚከላከሉ ሰዎች አንድ ማኅበር አንድ ራስ ያስፈልገዋል ይላሉ። ስጋቱ ይገባኛል። የእንግሊዝ ሁለት ተቀናቃኝ ግራንድ ሎጆች የታረቁት በ1813 ነበር፤ ሌላ መከፋፈል ማን ይፈልጋል? ግን ዝምታው ራሱ ነው የከፋፈለው። የሊቨርፑል አባላት በ1819 አቤቱታ ጻፉ፤ የኋላ ኋላ ከማኅበሩ ተባረሩ። በ1823 በዚያው በላንክሻየር ዊጋን ከተማ ላይ የራሳቸውን ግራንድ ሎጅ መሠረቱ። ክፍፍሉ የቪክቶሪያ ዘመን መጥቶ እስኪያልፍ ድረስም አልተዘጋም። የመጨረሻው ሎጅ የታረቀው በ1913 ነው፤ 90 ዓመት ሙሉ!

ለንደን ውስጥም ይህን ያዩ ነበሩ። የማኅበሩ አባል የነበሩት መኳንንት የካርናርቨኑ ኧርል ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳሉ የካናዳ ጉዳይ የተያዘበትን መንገድ በግልጽ ተችተዋል። እኚሁ ሰው በ1867 የካናዳን ግዛቶች አንድ ያደረገውን ሕግ ለፓርላማ ያቀረቡ ሚኒስትር ሆኑ። ሎጁ አስተማራቸው ማለቴ አይደለም፤ ዳር አገር እንዴት እንደሚያኮርፍ ግን ቀድመው አይተዋል።

ግራንድ ማስተሩ የዜትላንድ ኧርል መዘግየታቸው ታማኞቹንም አሳጣቸው። በ1857 ማክናብ ራሳቸው ከቀሩት ሎጆች ብዙዎቹን ይዘው ወጡ፤ በ1858 ሁለቱ ወገኖች ተዋሃዱ። የለንደን ዕውቅና የመጣው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። በ1855 አለቃቸውን ራሳቸው እንዲመርጡ ብቻ እንኳ ቢፈቀድላቸው፣ ብዙዎቹ አይሄዱም ነበር ብዬ አምናለሁ።