ጅማ የጥርኝ ፈቃድ ስትሰጥ ሳጥኑንም ትለካ

ከጊቤ መንግሥታት ዘመን ጀምሮ ከሊሙና ከጅማ ገበያ የሚነሳ ነጋዴ ከቡና፣ ከወርቅና ከዝሆን ጥርስ ጋር ዝባድ ይጭን ነበር። ዛሬም ለሽቶ ሥራ የሚውለውን የጥርኝ ዝባድ ለዓለም በማቅረብ ቀዳሚዋ ኢትዮጵያ ናት፤ ጅማና አካባቢዋም ዋነኛ መገኛው ነው። ስለዚህ እዚህ የዱር እንስሳት አያያዝ ደንብ የሚያወጣ አስተዳደር መነሻው ጥርኝ ሊሆን ይገባል። በሰው እጅ ለዘመናት ቢኖርም አንድም ቀን ለማዳ አልሆነም።

የፌዴራሉ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 የዱር እንስሳን በፈቃድ እንጂ እንደፈለጉ መያዝ እንደማይቻል ደንግጓል። ጥያቄው ፈቃዱ ላይ ምን ይጻፍ የሚለው ነው። «10 ጥርኝ» ብቻ ከተጻፈ፣ ሦስቱ ሲሞቱ ባለቤቱ ሌላ ሦስት ከጫካ ያስይዛል፤ ተቆጣጣሪው ሲመጣም 10 ቆጥሮ ይሄዳል። መዝገቡ አልጎደለም፣ ጫካው ግን ሦስት አጥቷል። አርቢው የሚይዘው ወንዱን ብቻ ስለሆነ ጥርኙ ተዘግቶ በሚኖርበት ሳጥን ውስጥ የሚወለድ የለም፤ የሞተው ሁሉ የሚተካው በወጥመድ ነው። አዲስ ከተያዙትም ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በድንጋጤና በቁስል ያልቃሉ።

ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የጥርኝ ነጠብጣብ እንደ ሰው አሻራ ነው፣ ሁለት ጥርኝ አንድ ዓይነት የለውም። በቀን ብርሃን፣ ከትከሻ እስከ ታፋ፣ ግራና ቀኙ በስልክ ፎቶ ተነስቶ ከፈቃዱ ጋር ይያያዝ። የአንዱ ጎን ብቻ አይበቃም፤ ግራውና ቀኙ ይለያያሉ። ሲሞት ሬሳው ሳይቀበር ለእንስሳት ሐኪም ይታይና ፎቶው ከመዝገብ ይሰረዝ።

ከዚያ ሳጥኑ። ያደገ ጥርኝ ጅራቱን ሳይጨምር ከ70 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ ክብደቱም እስከ 20 ኪሎ ይደርሳል። የተለመደው የእንጨት ሳጥን ግን ርዝመቱ አንድ ሜትር ገደማ ነው፤ ወርዱ እንስሳው ዞሮ እንዳይመለስ ተደርጎ ይጠብባል። ጥበቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ዝባድ የሚወጣው ከጅራቱ ሥር ካለው እጢ ነው፤ ሰብሳቢው በኋላ በኩል ጅራቱንና እግሮቹን ስቦ ይይዝና በቀንድ ማንኪያ ይፍቃል። በሰፊ ቦታ እንዲህ አድርጎ ሊይዘው አይችልም። ጠባብ ሳጥንን ከልክሎ ሌላ መንገድ የማያሳይ ደንብ የማይከበረውም ለዚህ ነው።

መንገዱ አለ። መኖሪያው ቢያንስ 2 ሜትር በ1.5 ሜትር ይሁን፣ ጨለማ መኝታ ይኑረው፣ በአንድ ጎኑ ተንሸራታች በር ያላት ጠባብ መተላለፊያ ትቀጠል። ምግቡ ሁልጊዜ እዚያች ውስጥ ከቀረበ ጥርኙ ሳይገደድ ይገባል፤ የሚዘጋባትም በፍቂያ ቀን ብቻ ነው። ሌላው ዘዴ ጭራሽ አለመያዝ ነው፦ ጥርኝ በተፈጥሮው እጢውን እቃ ላይ እያሸ ምልክት ያደርጋል፣ ስለዚህ ቅርፊቱ የተላጠ ልሙጥ እንጨት አቁሞ ዝባዱን ከእንጨቱ ላይ መሰብሰብ ይቻላል። ቅርፊቱ ካልተላጠ ስብርባሪው ይቀላቀልበታል።

በኃይል የሚፍቅ ሰው የእጢውን ስስ ቆዳ ያቆስላል። ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ዝባዱም ከደምና ከመግል ጋር ይወጣል፤ እንስሳውም ገዢውም ይጎዳሉ። የፍቂያ ቀንና ግራም የሚመዘገብበት ደብተር ግዴታ ቢሆን ተቆጣጣሪው ማን ቶሎ ቶሎ እንደሚፍቅ ሳይጠይቅ ያውቃል። ዝባድ ይበዛል እየተባለ በጎጆው ውስጥ የሚነደው እሳትም ጭስ መውጫ ይፈለግለት፤ ጭሱ የእንስሳውንም የጠባቂውንም ሳንባ ይጎዳል።

በከተማው ውስጥ ያለው ጣጣ ደግሞ የታሰረ ጦጣ ነው። እዚህ ላይ ፈቃድ የሚባል ነገር መኖር የለበትም። ግልገል ሆኖ ወገቡ ላይ የታሰረለት ገመድ ሲያድግ ሥጋው ውስጥ ይገባል፤ ክራንቻው ሲወጣም የሚነክሰው በአብዛኛው የቤቱን ልጅ ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይጠብ፣ ሳይውል ሳያድርም ጤና ተቋም ይሂድ። ለውሻ የተሠራው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በጦጣ ላይ አስተማማኝነቱ ያልተረጋገጠ ስለሆነ «አስከትቤዋለሁ» የሚል ባለቤት ሕክምናውን ሊያስቀር አይገባም።

የተወረሰው እንስሳ የት ይገባል? ለዓመታት በሳጥን የኖረ ጥርኝ እንጨት ሲያኝክ ጥርሱ ተሰባብሮ ሊሆን ይችላል፤ እንዲሁ ወስዶ በለጠ በሚባለው የጅማ አካባቢ ጫካ ውስጥ መልቀቅ በረሃብ መግደል ነው። ጥርሱ፣ እጢውና ክብደቱ መታየት አለበት፤ ለዚህ የሚሆን ባለሙያ በጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና እንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ። የመጀመሪያው እንስሳ ከመወረሱ በፊት ማቆያው ተሠርቶ ይለቅ፣ የዕለት ቀለቡ በጀት ይያዝለት፣ ቁልፉ በየትኛው ጽሕፈት ቤት እጅ እንደሚሆንም በደንቡ ይጻፍ።